የአሰቦቱ ፊልም

ጣሂራ ያንን ፊልም ያቃጠለችው በክፋት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ክረምት አሰበ ተፈሪ ውስጥ ብዙ ስለተወራ ነው። ገሚሱ «አባቷ አዘዋት ነው» አለ፤ ገሚሱ «ሌላ ሰው ወዳ ነው» አለ። ሁለቱም አልነበረም።

ጊዜው 1957 ዓ.ም. ነው። ጣሂራ የሐጂ አብዱልቃዲር ልጅ ናት። ሐጂ ከበደሳና ከቦኬ ቡና እየሰበሰቡ በሁለት ካሚዮኖቻቸው ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የሚያወርዱ፣ ቃላቸው በገበያው የታመነ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት መዋል ስትጀምር የእናቷ ወንድም፣ ኤሱማዋ ሙሜ ለመናቸው። ሙሜ ፎቶ አንሺ ነው፤ ፊልም የምታጥብለት፣ ንጹሕ እጅ ያላት ሰው ይፈልግ ነበር። ሐጂም «የኤሱማዋ ቤት ቤቷ ነው» ብለው ፈቀዱ። ጣሂራ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሙሜ የተሻለች ፊልም አጣቢ ሆነች። ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት ሥር፣ ከነጭ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ፊት ማየት የመሰለ ነገር በዓለም የለም ትል ነበር።

አብዱረዛቅ ወደዚያ ፎቶ ቤት የመጣው ከአንድ ክርክር በኋላ ነው። እሱ የወሎ ልጅ ነው፤ ጂኦግራፊና ሥዕል ያስተምራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንገዱ ርቋቸው ወደ አገራቸው ያልሄዱ አስተማሪዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። ከመካከላቸው ሽፈራው የሚባለው የአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ አለ፦

«አንድ ዓመት ሙሉ ኖርኩ። በዚህ አገር ከቡናና ከጫት በቀር ዓይን የሚይዝ ነገር አላየሁም።»

«አልፈለግክማ!» አለ አብዱረዛቅ።

«የት ሄጄ ልፈልግ?»

«ሰው በሚያልፍበት ሁሉ። ግድግዳ ላይ፣ በር ላይ፣ የሱቅ ታፔላ ላይ። ሰዉ ይሥላል እኮ! ይቀርጻል!»

ነገሩ ከዚያ ወደ ውድድር ተለወጠ። ጳጉሜን ሳይገባ በብስክሌት ስድስት ከተማ ደርሶ፣ ከየከተማው አደባባይ ላይ የቆመ፣ ሁሉ የሚያየው አንድ የእጅ ሥራ ፎቶ አንሥቶ የመጣ ያሸንፋል። መኪና መሳፈር የለም። ፎቶዎቹ በመስከረም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰቀላሉ። ስድስት አስተማሪዎች ጀመሩ። የቁኒ መንገድ ጭቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱን መለሰ፤ አራተኛው ጉንፋን ይዞት ተኛ። ሽፈራው አፍሮ ይሁን ወድዶ እስከ አራተኛው ከተማ ድረስ ታገለና ካቴናው ተበጥሶ ብስክሌቱን ተሸክሞ ገባ። የቀረው አብዱረዛቅ ብቻ ነው። ጭቃው በጎማው መከለያ ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ እየተጠቀጠቀ ጎማውን ሲያቆምበት ፓራፋንጎውን ፈትቶ ጣለው፤ ከዚያ ወዲያ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ በጭቃ ተለስኖ ይመለስ ጀመር። የከተማው ሰው «እብዱ አስተማሪ» ይለው ነበር፤ ነገር ግን በሄደበት ሁሉ ሻይ ይጠጣ የነበረው በነፃ ነው።

በደሳ ላይ መኪና የሚነዳ አንበሳ የተሣለበት የሻይ ቤት ግድግዳ አነሣ። ገለምሶ ላይ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ያለበት የፀጉር አስተካካይ ታፔላ፣ ቦኬ ላይ ወደ ገበያው የሚያይ የተቀረጸ የእንጨት በር፣ ሂርና ላይ አረንጓዴ ሐረግ የተሣለበት የመስጊድ አጥር በር። ሚኤሶ ላይ ደግሞ አንድ የባቡር ሠራተኛ እስከ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች እንደ ዶቃ የደረደረበት ግድግዳ አገኘ።

የበደሳውን አንበሳ ጣሂራ አጥባ ስታስረክበው ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጽፋበት ነበር። «አንበሳው መንጃ ፈቃድ አለው?»

አብዱረዛቅ ጽሑፉን ያየው ቤቱ ሄዶ ነው። ብቻውን ተቀምጦ ሳቀ። ነገር ግን የሴት ልጅ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ሲያስብ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት።

መልሱን የሰደደው በሚቀጥለው ፊልም ነው። ፊልሙ ከጀርባው ረጅም ወረቀት አለው፤ አብሮት ይጠቀለላል። ተነሥቶ ሲያልቅ የወረቀቱ ጫፍ ከውጭ ይቀራል፤ አንድ ስንዝር ያህል ቢፈታ ጉዳት የለውም። ከዚያ ካለፈ ግን ብርሃን ይገባና ፊልሙ ይቃጠላል። አብዱረዛቅ በዚያች ስንዝር ላይ ጻፈ። «ፈቃድ የለውም። ስለዚህ የሚነዳው ፖሊስ ምሳ ሲበላ ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። እሱ በፊልሙ ጫፍ፣ እሷ በፎቶው ጀርባ። ፎቶ ቤት ውስጥ ሲገናኙ «መምህር፣ ፊልምዎ ለነገ ይደርሳል» ትለዋለች በአክብሮት፤ ሲጽፉ ግን ሁለቱም «አንተ» እና «አንቺ» ነበሩ። ሙሜ ያያል፤ እንዳላየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንድ ቀን አብዱረዛቅ የጉንጩን ጭቃ የሚጠርግበት መሐረብ ሲያጣ ጣሂራ የካሜራ መጥረጊያውን ጨርቅ ዘረጋችለት። ጣቶቻቸው አልተነካኩም። ያን ዕለት ግን ሁለቱም ምሳ አልበሉም።

*

ዓርብ ጠዋት ሐጂ አብዱልቃዲር ልጃቸውን አስቀመጧት።

«የሂርናው ወዳጄ ለልጁ ጠይቆሻል» አሏት። «ጥሩ ቤት ነው። የምናውቀው ዘር ነው። መልስ ገና አልሰጠሁም።»

ጣሂራ ዝም አለች። በዚያ ቤት የሴት ልጅ ዝምታ እሺታ ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ምን ትበል? የምትወደው ሰው «እወድሻለሁ» ብሎ አልጻፈላትም። ስለ አንበሳና ስለ ጭቃ ብቻ ነው የጻፈላት።

ፎቶ ቤት ስትደርስ አብዱረዛቅ ከሙሜ ፊት ቆሟል። ከአሰቦት መመለሱ ነው፤ ስድስተኛው፣ የመጨረሻው ከተማ። ውሃ ከልብሱ ይንጠባጠባል። ሐጂ እግር በእግር ተከትለዋት ገብተው ስለነበር ሊያናግራት አልቻለም። ፊልሙን ለሙሜ አስረከበና «አደራ ሙሜ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው» አለ። ሲወጣ አንድ ጊዜ አያት። ያ አስተያየት እንደ ሌላው ጊዜ ሳቅ አልነበረበትም። የሆነ ነገር የወሰነ ሰው አስተያየት ነበር።

ሙሜና ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። ጣሂራ ብቻዋን ቀረች። ፊልሙን አንሥታ በመስኮቱ አጠገብ ጫፉን ፈታች።

«ጣሂራ፤ አሰቦት ተቀምጬ ቁርጤን አወቅሁ። እኔ አንቺን»

እዚያ ላይ አለቀ።

«እኔ አንቺን» ምን? እወድሻለሁ? እረሳሻለሁ? የቀረው ወደ ውስጥ አለ ማለት ነው አለች። አንድ ጣት ያህል ፈታች፤ የለም። አንድ ስንዝር ፈታች፤ የለም። ወረቀቱ በእጇ ይንሿሿል፤ ጥቂት ነው የቀረው፣ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ስትል ግራጫው ፊልም ራሱ እጇ ላይ ተዘረጋ። የመስኮቱ ብርሃን በላዩ ላይ ፈሷል።

አንድ ዓመት ሙሉ በጨለማ ውስጥ ፊልም ስታጥብ የኖረች ልጅ ናት። ምን እንዳደረገች ለማወቅ ማንም ሊነግራት አላስፈለጋትም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ዘረጋችው። ባዶ ነበር። ቁጭ ብላ እጆቿን የሌላ ሰው እጆች ይመስል ታያቸው ጀመር።

*

ሙሜ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። «ያ ረቢ!» አለና በሩን ዘጋ። የእህቱን ልጅ ይወዳታል፤ የሐጂን ቁጣም ይፈራል።

«ስሚኝ ልጄ። ውሃ ገብቶበት ነው እላለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በዝናብ የመጣ ፊልም ውሃ ቢገባበት ማን ይገርመዋል?»

«ኤሱማ፣ ውሸት ነው።»

«ውሸት ሰው ካዳነ ረቢ ይቅር ይላል። ዝም በይ ብቻ።»

በማግስቱ አብዱረዛቅ ፎቶውን ሊቀበል መጣ። ሙሜ ወለሉን እያየ ነገረው። አብዱረዛቅ ለጥቂት ጊዜ አልገባውም።

«ውሃ?» አለ። «በላስቲክ ጠቅልዬ በደረቴ ነው የያዝኩት። ከእኔ ገላ ያልራሰው እሱ ያለበት ቦታ ብቻ ነበር።»

ወደ ጣሂራ ዞረ። ጣሂራ ዓይኖቿን ሰበረች። በሐፍረት ነበር። እሱ ግን ያን ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ የሂርና ሰዎች ለሐጂ ልጅ መምጣታቸውን ሰምቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ያን አንገት መድፋት በሌላ መንገድ አነበበው። ወረቀት ለመነና ቆሞ ጻፈ፤ አጥፎም ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ወጣ።

«ወይዘሪት ጣሂራ፤ ለሂርናው ነገር እንኳን ደስ አለዎት። ፊልሙን ውሃ እንዳልነካው አውቃለሁ። ቤተሰብዎ የእኔን ነገር እንዳልወደደው ገብቶኛል። ማን እንዳደረገው አልጠይቅም። አብዱረዛቅ።»

ጣሂራ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ፊልሙ የተጻፈው እንኳን ያን ያህል አልጎዳትም። «ደስ አለዎት» የሚለው ነው የጎዳት። በወረቀት ላይ «አንቺ» ብሎ የቀረባት ሰው በአንዲት ቃል ወደ ሩቅ አገር ሄዶባት ነበር።

አብዱረዛቅ ሰኞ ጠዋት ብስክሌቱን ይዞ እንደገና ወደ አሰቦት ወረደ። ዝናቡ ከቅዳሜ ጀምሮ አላባራም። ጣሂራ ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ሆና ጀርባውን አየችው። መጥራት ፈለገች፤ ሳትጠራው ራቀ።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐጂ አብዱልቃዲር ልጃቸውን ይዘው ፎቶ ቤት መጡ። ወደ ሂርና የሚላክ ፎቶ እንድትነሣ ነው። እናቷ ኩብራ አዲስ ሻሽ አስራላታለች። ሙሜ ወንበሩን አስተካከለና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ከካሜራው ኋላ ቆመ።

«ቀና በይ» አለ ከጨርቁ ውስጥ። «ትንሽ ፈገግ በይ ልጄ።»

በሩ ተከፈተ። አብዱረዛቅ ነበር። ጭቃው ፊቱ ላይ ደርቋል፤ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል። ሐጂን ሲያይ ሊመለስ ነበር፤ ግን ደከመው መሰለኝ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ግባ መምህር» አሉ ሐጂ። «ምን ሆነሃል? ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ ሐጂ። ሙሜ ከእኔ ፊልም እንዳይጠብቅ ልነግረው ነው የመጣሁ።»

ሙሜ ከጨርቁ ሥር ራሱን አወጣ። «አላነሣህም?»

«ግድግዳው የለም። እሑድ ዝናቡ አፈረሰው።»

«የምን ግድግዳ ነው?» ሲሉ ሐጂ ጠየቁ።

«ከአሰቦት ገዳም ተራራ ሥር ተሳላሚዎች የሚያርፉበት ቤት አለ። አባ ኃይለየሱስ የሚባሉ መነኩሴ ግድግዳውን አሥራ አንድ ዓመት ሣሉበት። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አሁን አያዩም። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዝነው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እጄን ይዘው ምን አሉኝ? ‹ግድ የለም ልጄ፣ አንተ ዘንድ በፎቶ አለ አይደል?› አሉኝ። ምን ልበላቸው ሐጂ? ‹የለም› ማለት አቃተኝ። ‹አለ› ማለትም አልቻልኩ። ጫማቸውን ስሜ መጣሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሙሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼም ውሃ የገባበት ፊልም...»

«ኤሱማ፣ በቃ!»

ጣሂራ ከወንበሩ ተነሣች።

«ውሃ አልገባበትም አባዬ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሙሜ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው።»

«አንቺ?» አሉ ሐጂ። «ለምን?»

ይህን ጥያቄ ፈርታው አምስት ቀን ኖራለች። መልሱን አንዴ ከተናገረች የሚመለስ ነገር እንደሌለ ታውቃለች። አባቷ ፊት፣ ለሂርና ሰው በታሰረ ሻሽ ተሸልማ ተናገረች።

«ደብዳቤ ስፈልግ ነው። በወረቀቱ ጫፍ ላይ ጽፎልኝ ነበር። አላለቀም። የቀረውን ለማንበብ ፈታሁት... እስኪቃጠል ድረስ ፈታሁት። አንተ የሂርናውን ነገር የነገርከኝ ቀን ነው። የቀረችውን ቃል ሳላውቅ መዋል አልቻልኩም።»

«ማን ነው የጻፈልሽ?»

ጣሂራ ከንፈሯን ነከሰች። ወንድን ልጅ በአባት ፊት በስም መጥራት ከባድ ነበር።

«እኔ ነኝ ሐጂ» አለ አብዱረዛቅ።

ሐጂ አብዱልቃዲር ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱንም አፈራርቀው አዩ። ሙሜ አሁን ይጮሃሉ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«የቀረው ምን ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «‹አላለቀም› ትላለች። ምን ልትል ነበር?»

አብዱረዛቅ የጭቃ እጁን በሸሚዙ ጠረገ። «‹እኔ አንቺን ከመጠየቄ በፊት አባትሽን እጠይቃለሁ› ልል ነበር። እርሳሱ ተሰበረብኝ። ሌላ አልያዝኩም ነበር።»

ጣሂራ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ያዘች።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«በማግስቱ የሂርናን ሰዎች ወሬ ሰማሁ። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ያለኝ ደመወዜና ይች ብስክሌት ናት። የሚያውቁትን ሰው ትተው ለእኔ አይሰጡኝም ብዬ ፈራሁ። ፊልሙንም ከቤትዎ ሰው አስጠፋው ብዬ ጠረጠርኩ። አውፉ ይበሉኝ፣ ይቅርታ።»

«አንተ ፈራህ» አሉ ሐጂ። ቀጥለው ልጃቸውን አዩ። «እሷ ደግሞ አምስት ቀን ፈርታ ዛሬ ተናገረች።» በረጅሙ ተነፈሱ። «የእናንተን ነገር አሁን አልነካውም። የአንድ ሽማግሌ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ በቤቴ ሰው እጅ ጠፍቷል። ያ ይቀድማል። ነገ ካሚዮኑ ወደ ሚኤሶ ይወርዳል፤ እስከ አሰቦት እንዘልቃለን። ጣሂራ፣ በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አንተም ትመጣለህ።»

አብዱረዛቅ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጣሂራን ሳያያት ወጣ። ይቅር እንዳላት ወይም እንዳላላት አላወቀችም። ነገር ግን ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሙሉ በሙሉ ወደ ደረቷ ገባ።

*

አሰቦት ሲደርሱ ዝናቡ አቁሟል። ቆላው ትኩስ እርጥብ አፈር ይሸታል። ተራራው ጫፉን ደመና ሸፍኖታል። በሥሩ፣ ሦስት ግድግዳ ብቻ የቀረው ቤት አጠገብ፣ አባ ኃይለየሱስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ፊታቸው በጾም ከስቷል። ከፊታቸው የተከመረው ጭቃ ውስጥ እዚህም እዚያም የቀይና የሰማያዊ ቀለም ቁራጭ ይታያል።

ሐጂ ሰላምታ ሰጥተው ራሳቸውን አስተዋወቁና ዞር ብለው ቆሙ። ጣሂራ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«አባቴ፣ ፎቶው የለም። መምህሩ አንሥቶት ነበር፤ እኔ አበላሸሁት። በችኮላዬ ነው። እርስዎ ግን አለ ብለው ተጽናንተዋል። ይቅር ይበሉኝ።»

መነኩሴው እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቁራጭ ጭቃ አነሡና በጣቶቻቸው ዳበሱት።

«ያሳዝናል» አሉ። «አያሳዝነኝም ብል እዋሻለሁ።» ከዚያ ራሳቸውን ወደ ድምፅዋ አዘነበሉ። «ልጄ፣ አንቺ ሥዕሉን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁትም አባቴ።»

«መምህሩ አይቶታል። አብሯችሁ መጥቷል?»

«አለሁ አባ» አለ አብዱረዛቅ።

«ንገራታ። እኔም ልስማ። ካየሁት አራት ዓመት ሆኖኛል።»

አብዱረዛቅ ወደ ፍርስራሹ ቀረበ። መጀመሪያ ለመነኩሴው ነበር የሚያወራው፤ ድምፁም ደረቅ ነበር።

«ተራራው መካከል ላይ ነበር። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ተሳላሚዎቹ ይወጣሉ። አንድ አንካሳ ነበር፤ ከሁሉም የቀደመው እሱ ነው።»

«እሱን የማውቀው ነው» አሉ አባ ኃይለየሱስ። «እውነትም ይቀድማቸው ነበር።»

«ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶት አንገቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ወደ ታች ግመሎቹን አቁሞ የሚያያቸው አንድ ሰው አለ።»

«እሱ የእናንተ ሰው ነው፤ ሙስሊም። በድርቁ ጊዜ ውሃ ያመጣልኝ ነበር።»

ዞር ብለው ቆመው የነበሩት ሐጂ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ከሁሉ በታች ደግሞ ባቡሩ ያልፋል» አለ አብዱረዛቅ። አሁን ድምፁ ተለውጧል፤ ዓይኖቹም ጣሂራ ላይ ናቸው። «በየመስኮቱ ሰው አለ። ሁሉም ወደ ተራራው ያያሉ። በመጨረሻው መስኮት ግን አንዲት ልጅ አለች። እሷ ብቻ ወደ ተራራው አታይም። ወደ እኛ ነው የምታየው፤ ከፊቷ ቆሞ የሚያያትን ሰው ቀጥ ብላ ታየዋለች። የሆነ ነገር ልትጠይቀው የፈለገች ይመስላል። እኔ... እሷ ፊት አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ቁርጤን ያወቅሁት እዚያ ነው ጣሂራ። ሌላውን ሁሉ ያነሣሁት ለውድድሩ ነው። ያንን ያነሣሁት ግን አንቺ እንድታይው ነበር።»

የጣሂራ እንባ ጭቃው ላይ ይወርዳል።

አባ ኃይለየሱስ ድንገት ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነበር።

«እሷንማ ቀለም ተርፎኝ ነው የጨመርኳት! እስከ ዛሬ ምን ትሠራለች እያልኩ ሳስብ ነበር።»

አብዱረዛቅም ሳቀ፤ ሳቁና እንባው አንድ ላይ መጣ። በርከክ ብሎ ከጣሂራ ፊት ተቀመጠ።

«ተቆጥቼሽ ነበር» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁንም ሥዕሉን ሳስበው ያመኛል። ዝም ብዬ አላመመኝም አልልሽም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔንም እስክሞት ያመኛል።»

«ያ ደብዳቤ ደግሞ... ‹እርስዎ› ያልኩሽ...»

«እሱን ቀድጄዋለሁ።»

«አብሽሪ» አላት በወሎኛው። «አብሽሪ ጣሂራ። አይዞሽ።»

አባ ኃይለየሱስ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ሐጂ ጎንበስ ብለው የመነኩሴውን ትከሻ ሳሙ፤ ግድግዳው መልሶ እንዲቆም ክረምቱ ሲያበቃ ድንጋይና ሰው እንደሚልኩ ቃል ገቡ። ሽማግሌውም «የሚሥለው ሌላ ይሁን፤ የእኔ ተነግሯል» አሏቸው።

*

ሲመለሱ ካሚዮኑ ውስጥ ሾፌሩ፣ ሐጂና ጣሂራ ከፊት ነበሩ። አብዱረዛቅ ከኋላ፣ ከባዶ የቡና ከረጢቶች ላይ ተቀምጧል። የሚኤሶ ዳገት ላይ ሐጂ መኪናውን አስቁመው ወረዱና ወደ ኋላ ሄዱ፤ በመስኮቱ በኩል ጣሂራ ሁሉንም ትሰማለች።

«ውድድሩስ ምን ሆነ?» አሉት።

«ተሸነፍኩ ሐጂ።»

«በስንት?»

«በአንድ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «አባትህ አሉ?»

«ወሎ ናቸው፤ በሕይወት አሉ።»

«ማንበብ ይችላሉ?»

«አይችሉም። የሰፈራችን ሸኽ ያነቡላቸዋል።»

«እንግዲያውስ ለሸኹ ጻፍ። አባትህ ሽማግሌ ይዘው ይምጡ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ወር ቢፈጅም እንጠብቃቸዋለን። እኔ አንተን ዛሬ አሰቦት ላይ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ዘርህን ደግሞ እሳቸው ይንገሩኝ። ለሂርናዎቹ እኔ ሰው እልካለሁ። ‹ልጄ ተጠይቃለች› እላቸዋለሁ።»

አብዱረዛቅ ምን ብሎ እንደመለሰ ጣሂራ አልሰማችም። ጆሮዋን አንድ ነገር ደፈነው። ሐጂ ተመልሰው ገብተው አጠገቧ ሲቀመጡ ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ ብቻ ነበር የሚያዩት፤ እሷም እንደዚያው። ነገር ግን ካሚዮኑ በተንገጫገጨ ቁጥር የአባቷ ትከሻ ትከሻዋን ሲነካ ሁለቱም አልሸሹም።

ቤት ስትደርስ ኩብራ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። የልጇን ያበጡ ዓይኖች አይታ ደነገጠች፤ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። «አልቅሰሻል፤ ታዲያ ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

ጣሂራ እየሳቀች መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው።